ያለ ሰዓቱ የተመታው የመርከብ ፒስተን

ደብረ ብርሃን፣ ሊነጋጋ ሲል

የታኅሣሥ ብርድ ጥርስ ያፋጫል። ደጀኔ የሚኒባሱን ሞተር ያሞቃል፤ እኔና በላቸው ደጅ ቆመን እጃችንን እናሻሻለን። ሦስታችንም የትልልቅ ሞተር እብዶች ነን። እኔ በቴክኒክ ኮሌጅ የናፍጣ ሞተር አስተምራለሁ፣ ደጀኔ ድሮ ተሳቢ ይነዳ ነበር፣ በላቸው የፋብሪካ ጄኔሬተር ይጠግናል። ግሼ ውስጥ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የመርከብ ሞተር ፒስተን ደወል አድርጋ ሰቅላለች ሲባል ሰማንና ተነሳን። ባሕር የሌለን ሰዎች የመርከብ ዕቃ ለማየት ሽቅብ ወደ ደጋ!

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ እስኪበርድ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ አልበረደም።

መሐል ሜዳ፣ ረፋድ

ከጣርማ በር ወዲህ ያለው መንገድ ወገብ ይፈትሻል። አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። አንዲት ምግብ ቤት ገብተን የጾም ሽሮ በገብስ እንጀራ አዘዝን። በላቸው ከቦርሳው የአይሱዙ ፒስተን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ሙቀጫ ነው?» አለች ባለቤቷ።

«ፒስተን ነው፤ ሞተር ውስጥ ወጣ ወረድ የሚል ብረት። ግሼ ካለው ታላቅ ወንድሙ ጋር ላስተዋውቀው ነው።»

«ታዲያ ሽሮው ላይ እንዳይንጠባጠብ» ብላ ጥላን ሄደች። እስከዚህ ድረስ ጉዟችን ሁሉ ሳቅ ነበር።

ግሼ፣ ከራቤል ወዲህ፣ ከቀትር በኋላ

መኪናውን መንገድ ዳር ትተን በእግር ወጣን። ቤተ ክርስቲያኗ ጽድ መሃል ናት። ፒስተኑ ከሁለት ወፋፍራም ግንዶች ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል፣ አፉ ወደ መሬት። እኔና ደጀኔ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው ያቀፍነው። የቀለበት ማስገቢያ ቦዮቹ ጣቴን ዋጡት። ስንት ዓመት እሳት ሲገፋው የኖረ አናቱ ጠቁሯል። በላቸው የአይሱዙዋን ፒስተን ከሥሩ አስቀመጠ።

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» አለ ደጀኔ፤ ከት ብለን ሳቅን።

የደብሩ ቄስ አባ ተክሌ በእርጋታ ያዩናል። «የሰበካችን ልጅ ወደብ ላይ መርከብ ጠጋኝ ነው። ከሕመሙ ቢድን ደወል ሊያስገባ ተስሎ ነበር፤ ዳነ፣ አስገባ። ማየት ትችላላችሁ፤ መምታት ግን አይሆንም። እዚህ አገር ያለ ሰዓቱ የተመታ ደወል ወይ እሳት ነው፣ ወይ ሞት ነው፣ ወይ ድረሱልኝ ነው። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይመጣል።»

ከደብሩ በታች አውድማ አለ። አቶ ዘውዴ የሚባሉ አዛውንት ደቦ ጠርተው የዓመቱን ገብሳቸውን ያዘራሉ። ነፋሱ ገና መምጣቱ ነው፤ ላይዳው ይነሳል፣ ገለባው ይበራል። አባ ቆሎ ሊያመጡልን ወደ ቤታቸው ገቡ።

በላቸው መዶሻ አወጣ። «ስንጥቅ ይኑረው አይኑረው ሳላውቅ አልሄድም።»

በሙያችን እንዲህ ነው፤ ብረት ተመትቶ ድምፁ ከዘለቀ ጤነኛ ነው፣ ቶሎ ከሞተ ተሰንጥቋል። እኔም ለተማሪዎቼ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ግን አባ የተናገሩት አማርኛ ነበር! «ተው!» ብዬ ሳልጨርስ ሦስት ጊዜ መታው። ደጀኔ በስልኩ ይቀዳል። ድምፁ ገደሉን ይዞ ወርዶ ከማዶ ተመለሰ።

«ሰማችሁ? ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለውም!» አለ በላቸው፣ ፊቱ በርቶ።

መጀመሪያ የደረሱት አቶ ዘውዴ ናቸው፣ ላይዳቸውን እንደያዙ። ከኋላቸው ደቦው በሙሉ። ከዚያም ከማዶ፣ ገደሉን ወርደው ዳገቱን የወጡ ሰዎች፣ ላብ በላብ ሆነው።

«ማን ሞተ?» አሉ አቶ ዘውዴ።

«ማንም አልሞተም። ብረቱን እየፈተሽን ነው» አለ በላቸው። ይቅርታ እንኳ አላስቀደመም።

ከማዶ የመጣ አንድ ጎልማሳ ደረቱን ይዞ ያለከልካል። «እርጉዝ ሚስቴን ጥዬ ነው የሮጥኩት። ለመዶሻችሁ ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። አባ ቆሎውን እንደያዙ ደርሰው ፊታችን ቆሙ። ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። ደቦው ወደ አውድማው ሲመለስ ነፋሱ ቆሟል። ያለ ነፋስ ምን ያዘራሉ? ትንሽ ጠብቀው እነሱም ወደየቤታቸው ሄዱ። ገብሱ ከነገለባው ሜዳ ላይ ቀረ።

አመሻሽ

በምሥራቅ በኩል ደመና ጠቆረ። ታኅሣሥ ነው፣ ማንም አልጠበቀውም። አቶ ዘውዴ እየሮጡ ወደ አባ መጡ።

«አባ፣ ይደወልልኝ። ምርቴ ሜዳ ላይ ነው።»

አባ ራሳቸው መቱት። አቆዩና ደገሙት። እኛ ገና አልሄድንም፤ ልናግዝ ወርደን አውድማው ላይ ሆነን ማዶውን እናያለን። አንድ ሰው ከቤቱ ወጣ፣ ወደ ደብሩ ተመለከተ፣ መልሶ ገባ። ሌላ ሰው ጭራሽ አልወጣም።

የመጡት የአቶ ዘውዴ ልጅና ሁለት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው። በጆንያ፣ በቁና፣ በእጃችን አፈስን። የአቶ ዘውዴ ባለቤት የሚለብሱትን ባና አምጥተው ክምሩ ላይ ጣሉ። በላቸውም አፈሰ፤ ይህን አልክድም። ግን ሰባት ስምንት ሰው የደቦን ሥራ አይሠራም። በረዶ ቀላቅሎ ወረደና የበዛው ገብስ ጭቃ ውስጥ ቀረ።

አቶ ዘውዴ ዝናቡ ውስጥ ቆመው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ብረቱ ደህና ነው ብላችኋል፤ እግዜር ይስጥልን። ከእንግዲህ ሰዉ ስንት ጊዜ ሲደወል ነው የሚመጣው?»

ጎንበስ ብዬ ከጭቃው ማፈሴን ቀጠልኩ። 

መመለሻ

መንገድ ላይ በላቸው «በታኅሣሥ የዘነበው በእኔ ነው እንዴ?» አለ። እስከ መሐል ሜዳ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ተናገርኩት።

ቤት ገብቼ ስልኬን ስከፍት የደጀኔ ቅጂ ቴሌግራም ላይ ተለጥፏል። «እንዴት ያለ ዜማ ነው!» ይላሉ ያዳመጡት። «ቦታው የት ነው? እኛም እንሂድ» ይላሉ። የደብሩን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም።

የበላቸውን ሦስት ምት ደጋግመው ያዳምጡታል። አባ ተክሌ የመቱትን፣ ያንን ሰዉ ሰምቶ ሳይመጣ የቀረበትን ደወል፣ ማንም አልቀዳውም።