መልሰን የተዋስናቸው ወንበሮች

ዋንጫው ቤቴ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ልጆቼ እስክሪብቶ ያጠራቅሙበታል። ከጎኑ በመስታወት የተሰቀለው የምስክር ወረቀት ማኅበራችን ከታዳጊነት ወደ መካከለኛ ደረጃ መሸጋገሩን ይናገራል። እንግዳ ሲመጣ ያነበውና ያደንቀኛል። እኔ ወሬ እለውጣለሁ። ስለዚያ ወረቀት ለማውራት አፌን በከፈትኩ ቁጥር ንዴቱ እየቀደመኝ ስለተቸገርኩ አሁን በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ነው።

ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው አሶሳ ዙሪያ ያሰፈሯቸው ገበሬዎች ናቸው። እኔ ከእርሻው ይልቅ ቀርከሃ ወደድኩ። ወንበርና ጠረጴዛ መሥራት ያስተማሩኝ ከሆሞሻ በኩል የመጡ አንድ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። እንደ አገሬ ልማድ «አያ» እላቸዋለሁ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔንም «አንተ» ነው የሚሉኝ፣ ለምጄዋለሁ። በቀርከሃ ግን አይሳሳቱም። ግንዱን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው ውስጡ እርጥብ ይሁን ደረቅ ይነግሩኛል። ቀርከሃ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ካገኘው ይጠቁራል። እኛ ደግሞ የምንሠራው ግቢዬ ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ነበር፤ አሶሳ ላይ ዝናቡ አንዴ ከገባ ወራት ይቆያል። የጎደለን ጣሪያ ብቻ ነበር።

ጣሪያ የሚሰጠው ለተደራጀ ነው ተባልን። ለመደራጀት አምስት ሰው ያስፈልግ ስለነበር ሦስት ጎረቤቶች ጨመርን። እነሱም ፈረሙ፣ ሥልጠናው ላይ ለስላሳቸውን ጠጡ፣ ከዚያ ወዲያ ዝር አላሉም። ሼዱን ግን አገኘን። በባምባሲ መውጫ፣ መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮው አዲስ፣ መብራት የገባለት። ያኔ መንግሥትን ከልቤ አመሰገንኩ፤ ይህን አልክድም። በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቀን ሥራ አልፈታንም።

ጣጣው የመጣው ገበያ ስለቀናን ነው። የሠራነው ቀለሙ ሳይደርቅ ይወሰዳል፤ ሼዱ ውስጥ ከመሣሪያችንና ከሚደርቀው ቀርከሃ በቀር የሚታይ ነገር የለም። አንድ ቀን ካደራጀን ጽሕፈት ቤት የሚከታተለን ባለሙያ መጣ። ፋይሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ዙሪያውን ቃኘ።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ባዶ ሆኖ ካገኙት ሥራ አቁመዋል ብለው ሼዱን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ባዶ የሆነው እኮ ስለተሸጠ ነው።»

«የተሸጠ በዓይን አይታይማ። እንደምንም ብላችሁ ሙሉት።»

በሦስት ቀን ሼድ የሚሞላ ወንበር አይሠራም። ስለዚህ ጋሪ ይዤ ወደ ደንበኞቻችን ቤት ዞርኩ። እዚህ ለሠርግም ለለቅሶም ወንበር መዋዋስ የተለመደ ስለሆነ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ከሻይ ቤቱ፣ ከአስተማሪው ሳሎን፣ ከሙሽሮቹ ቤት፣ ራሳችን የሸጥናቸውን ወንበሮች መልሰን ተዋስን። አያ የመጀመሪያው ጋሪ ሲራገፍ እጃቸውን ከሥራ ላይ አነሡ።

«ይሄ የኛ አይደለም። ሰው ቤት ገባ፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

«አያ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነው።»

«አንድ ቀንም ሐራም ነው» አሉና ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቅዳሜም ከዚያ ድንጋይ አልተነሡም።

የእንግዶቹ አለቃ የሻይ ቤቱን ወንበር መርጠው ተቀመጡበት። የክንድ ማሳረፊያው ላይ የብርጭቆ ክብ ምልክት ነበረው፤ አላዩትም ወይም ማየት አልፈለጉም። «ይህ ሁሉ የስንት ጊዜ ምርት ነው?» አሉኝ። ባለሙያውን አየሁት። እሱ ፋይሉን አየ።

«የዚህ ወር ነው» አልኩ።

ማንም እንዲህ በይ አላለኝም። የተሸጠ ነው፣ ለዛሬ ተዋስነው ነው ብል ይበልጥ የሚያኮራ ነበር፤ ግን ፈራሁ። ሲያጨበጭቡልኝ ደግሞ ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ድረስ ያቃጥለኛል።

ከወር በኋላ ምርታችሁ አድጓል ተብለን አዳራሽ ተጠራን፤ ዋንጫውንና የምስክር ወረቀቱን ተሸለምን። አዲስ ቀሚሴን ለብሼ ፎቶ ተነሣሁ። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፦ ወደ መካከለኛ ደረጃ የተሸጋገሩ ማኅበራት ሼዳቸውን ለአዲስ ተደራጂ ወጣቶች ያስረክቡ። ጽሕፈት ቤቱ ድረስ እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ወንበሮቹ የሰው ነበሩ፤ አንተም ታውቃለህ» አልኩት ባለሙያውን።

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «እትዬ፣ ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል። አሁን ውሸት ነበር ከተባለ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ እርስዎም አይቀርልዎትም። ደግሞ እኮ አድጋችኋል፣ ምን ጎደላችሁ?»

«ጣሪያ» አልኩት። የዘጋውን በር ራሱ ከፈተልኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ያ ነው ይበልጥ ያበሸቀኝ።

ሼዱን አስረክበን ወደ ማንጎው ተመለስን። በሰኔ አያ ለረጅም ጊዜ ያደረቁት ቀርከሃ የወጠርነው ሸራ ሥር ርሶ ጠቆረ። አንድ በአንድ እያነሡ አዩትና ለማገዶ ለዩት። ነግሬህ አልነበረም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ጋሪ አስከትላ ግቢዬ ገባች። ከእኛ በኋላ ሼዱን የተረከበው ማኅበር ሰብሳቢ ናት። ቅዳሜ እንግዳ እንደሚመጣ፣ እኔ ዘንድ ጥሩ ወንበር እንዳለ ሰምታ ነው። «ለአንድ ቀን ብቻ» አለችኝ።

አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ዋንጫውንም አሳየኋት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ገባኝ፣ እትዬ። ግን ባዶ ከሆነማ ነገውኑ ይወስዱብናል።»

ያኔ እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ወንበሩን ከሳሎን አውጥቼ ራሴ ጋሪው ላይ ጫንኩላት።

አያ ማንጎው ሥር ሆነው ሲያዩን ቆዩ። ከዚያ ወደ ጋሪው ቀረቡና በገዛ እጃቸው የሠሩትን የወንበሩን እግር ያዝ አደረጉ።

«ሲጠይቁህ ውሰት ነው በል» አሏት ወደ እኔ እየጠቆሙ። «እሱ ያኔ ፈራ። አንተ አትፍራ።»

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። ጋሪው ከበሩ እስኪወጣ ድረስ ቀና ማለት አቃተኝ።