መጠጥ ያልነካው ፊት

ጎልዌይ ከተማ አጠገብ ባለችው የመንደራችን ክሊኒክ ተራ ከምንጠብቀው መሃል አንድ ሽማግሌ አሉ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል፤ አፍንጫቸውም አብጦ ጎርብጧል። ኮታቸው ላይ፣ መጠጥ ላይቀምሱ የማሉ ሰዎች የሚያደርጓትን ትንሽ ምልክት ሰክተዋል። በየደቂቃው በእጅጌያቸው ይወለውሏታል።

ማላኪ የሚባለው ጋጠወጥ፣ «አባባ፣ ዛሬ ቁርስዎን ጨለጡት እንዴ?» ሲላቸው ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ሐኪሟ ደግሞ እዚያው በሰው ፊት፣ «የደምዎ ውጤት ሰውነትዎ ራሱን እየወጋ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ከፊትዎ መቅላት ጋር ይያያዝ እንደሆነ ገና እናጣራለን» አለቻቸው።

ሽማግሌው ምልክቷን እንደገና ወለወሏት።

«የኔ ልጅ፣ ‹ከመጠጥ አይደለም› ብለሽ ጻፊልኝ፤ ለባለቤቴ ላሳያት።»