ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ

ዓይናዲስ የተዝረከረከ ነገር አትወድም። ቁስቋም ሰፈር ባለው የኪራይ ቤቷ ጫማዎቿ እንኳ በረድፍ ነው የሚቀመጡት። የዓይን ክሊኒካችንን ድረ ገጽ የምትሠራው እሷ ናት፤ እኔ ካርድ ክፍል ነኝ። ሁለታችንም የምንጠብቀው የሰው ቁጥር ነው፤ እኔ በመደርደሪያ፣ እሷ በኮምፒውተር።

ለታካሚዎች የቀጠሮ ሊንክ በስልክ እንልካለን። ሊንኩ ረጅም ነው፤ መሐሉ ላይ የጥያቄ ምልክት አለ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የታካሚው የካርድ ቁጥር ነው። ዓይናዲስ አንድ ቀን ርዝመቱ አስጠላትና ሊንኮቹ ሁሉ ተቀድተው በሚወጡበት ቅጽ ውስጥ አንዲት የኮድ መስመር ጨመረች፤ ከጥያቄ ምልክቱ ጀምሮ ያለውን ቆርጣ የምትጥል። ሞከረችው፤ የክሊኒኩ ገጽ ተከፈተ። «አሁን አማረበት» አለችኝ። እኔም ምን አውቄ፣ አማረ አልሁ።

የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተው የሚቆዩት ሦስት ቀን ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከተቀጠሩት አርባ ሰዎች ስምንቱ መጡ። ሌሎቹ ሊንኩን ሲከፍቱ ገጹ የማንን ቀጠሮ እንደሚያሳይ አላወቀምና «ቀጠሮ የለዎትም» ብሏቸዋል። ደውሎ የጠየቀ አንድም የለም። በእኛ አገር ቢሮ «የለም» ካለ የለም ነው፤ ሰው ወደ እርሻው ይመለሳል። ይህ ትዕግሥታችን አንዳንዴ ያበሳጨኛል።

ዓይናዲስ ጥፋቷን ስታገኘው ፊቷ አመድ መሰለ። መስመሯን አጠፋች፤ የተላከ መልእክት ግን አይመለስም። እኔ ካርዶቹን አወጣሁላት፣ እሷ ለእያንዳንዱ ደወለች። «ጥፋቱ የኔ ነው» ሳትል የዘጋችው ስልክ የለም። ያን ቀን ወደድኋት።

ድብ ባሕር ከሚባል ገጠር የሚመጡት የአያ አስናቀው ስልክ ብቻ አልሠራ አለ። አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረውንም ሞራ ሸፍኖታል። ሐኪሞቹ ደግሞ የሚመለሱት በዓመቱ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ልጃቸው እናኑ አነሳች።

«ምነው፣ ቀጠሮ የላችሁም ብላችሁን የለም?»

«አላቸው፤ ቁጥራቸውን የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው፣ እባክሽ ይዘሻቸው ነይ።»

በማግስቱ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ሊሸክፉ ሲሉ አባትና ልጅ ደረሱ። የመጨረሻው ታካሚ እሳቸው ሆኑ።

በቀዶ ሕክምናው ማግስት ፋሻው በተፈታ ጊዜ አያ አስናቀው ያቺን የደወለችዋን ልጅ ጥሩልኝ አሉ። ዓይናዲስ ላፕቶፗን ታቅፋ፣ ሊወቅሷት መስሏት አንገቷን ደፍታ ገባች።

«እስቲ የቆረጥሽውን አሳይኝ። እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

«እዚህ፣ ጫፉ ላይ።»

ካርዳቸውን ከኪሳቸው አወጡና ቁጥሩን ከስክሪኑ ጋር አስተያዩት። እያንዳንዱን በጣታቸው እየነኩ፣ ማንም ሳያግዛቸው እስከ መጨረሻው አነበቡ።

«ሸጋ፣ አንድ ነው» አሉ። ዓይናዲስ እንባዋን መያዝ አልቻለችም። ቀና ብለው ፊቷን አዩት።

«በይ ልጄ፣ ሁለተኛ እንዳትቆርጪኝ።»