ሦስተኛው ላይ ይይዛል

ባለፈው ቅዳሜ የልጄን ሹራብ ስፈልግ ከአባቷ መኪና የኋላ ወንበር ሥር እጄን ሰደድኩና ድንጋይ ነካሁ። ጎትቼ አወጣሁት። ሦስት ማዕዘን ያለው ከባድ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ አንደኛው ጎኑ ጎማ እየፈገፈገው ለስልሷል። ልጄ ሶልያና ስምንት ዓመቷ ነው። ድንጋዩን እጄ ላይ ስታየው፣ ገና አንድ ቃል ሳልናገር፣ «ማሚ፣ መጫወቻዬ ነው» አለችኝ። ሰኞ ማክሰኞ ተጫውቶ ያደገ ሰው የመጫወቻ ድንጋይ ያውቃል፤ ጠፍጣፋና ቀላል ነው። በዚህኛው የሚጫወት ልጅ የለም። እኔ ድንጋዩን ገና ሳየው ምን እንደሆነ አወቅኩት፤ ልጅ እያለሁ መጠሪያዬ ነበር።

አባቴ «ታኮዬ» ነበር የሚለኝ። ታኮ ማለት መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የሚደረገው ነገር ነው። እናቴ ግን የጫማ ታኮ ነበር የሚመስላት። አጭር ስለነበርኩ የሚያሾፍብኝ መስሏት፣ «ልጄን ታኮ አትበላት፣ ገና ታድጋለች» እያለች ትቆጣው ነበር። እሱም ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ፤ ምክንያቱም ምሥጢሩን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። ያኔ በዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ማዕረግ ያለ አይመስለኝም ነበር።

የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ በሚወጣው ኮረኮንች ቅያስ ውስጥ ነበር፤ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ዮናታን። አባቴና እናቴ የተለያዩት እኔ ሰባት፣ ዮናታን ሦስት ዓመት ሲሞላን ነው። አባቴ ኮተቤ ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ወደ እንጦጦ ይዞን ይወጣል። የመኪናው ድምፅ ከታችኛው ድልድይ ጀምሮ ይሰማል። እናቴ ከሰማችው ጀምሮ ፊቷን አጥቁራ ነው ሹራባችንን የምትቆልፍልን።

መኪናው ሰማያዊ ነበር፤ ሰማያዊ ያልሆነው ቦታው ዝጎ ነው። የኋላው በር በገመድ ይታሰራል። መስኮቱ ሲወርድ የሚመለሰው በካቻቢቴ ተፈልቅቆ ነው። ወለሉ ላይ የጡጫ ያህል ሽንቁር ስለነበረው እኔና ዮናታን ጎንበስ ብለን ከሥራችን የሚሮጠውን መንገድ እናይ ነበር። ውስጡ ቤንዚን፣ የረጠበ ስፖንጅና የአባቴ ሲጋራ ይሸታል፤ ዳገቱን ስንጀምር ደግሞ በሽንቁሩም በበሩም የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል። አባቴ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። ሞተሩ ዳገቱ ላይ ማቃሰት ሲጀምር መሪውን እየደባበሰ እንደ በሬ፣ «ኮቱ፣ ኮቱ» ይለዋል፤ ና ማለቱ ነው። እኛም ከኋላ ሆነን «ኮቱ፣ ኮቱ» እንላለን። ደስታችን እውነተኛ ነበር፤ ይሄንን አልክድም። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

የእጅ ፍሬን የሚባል ነገር አልነበረውም። የእግሩ ደግሞ አንዴ ሲረገጥ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ይከብዳል፣ ሦስተኛው ላይ ይይዛል። አባቴ ይሄንን ለእኛ ጨዋታ አድርጎት ነበር። በረገጠ ቁጥር ጮክ ብለን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እንቆጥራለን፤ መኪናው ከቆመ እናጨበጭባለን። ሞተሩ ዳገት ላይ ከጠፋ ደግሞ አባቴ «ታኮ» ይላል። ያኔ እኔ ገመዱን ፈትቼ እወርድና ድንጋዩን ታቅፌ ከኋላ ጎማ ሥር አስገባለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መውረዱ፣ መሮጡ፣ ድንጋዩን ከጎማው ጋር አጋጥሞ እጅን ቶሎ ማውጣቱ፣ ሁሉም ችሎታ ይፈልጋል። አባቴ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ «ጎበዝ ታኮዬ» ሲለኝ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ነገሩን ያወቀችው ማንም ነግሯት አይደለም። አንድ እሑድ ዮናታን ዱካ ላይ ተቀምጦ የድስት ክዳን እንደ መሪ እያዞረ ይጫወታል። በእግሩ ወለሉን እየመታ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ። ከዚያ «ታኮ» ብሎ ጮኸ። እኔ ደግሞ ሳላስበው ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ትራሱን ታቅፌ ሮጥኩና ከዱካው ኋላ ወሸቅኩት። እናቴ ልብስ እያጠፈች ነበር። እጇ ላይ ያለውን ፎጣ አስቀመጠችና «እስቲ ድገሙልኝ» አለች። ደገምንላት። ጨዋታችንን የወደደችው መስሎን ሦስቴ ነው የደገምንላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ገመቹ፣ ልጆቼ በዚህ መኪና ከዛሬ ጀምሮ አይሄዱም።»

«ምን ሆነ ደግሞ? ቦሎ አለው እኮ» አለ፣ መስታወቱ ላይ ወደተለጠፈው የዓመታዊ ምርመራ ወረቀት እየጠቆመ። «ተመርምሮ ያለፈ መኪና ነው።»

«በሰው ጎማ ነው ያለፈው። ጎማውን ለምርመራ ከማን እንደተዋስክ፣ ሲመሽ እንደመለስክለት ሰፈር ሁሉ ያውቃል። ፍሬኑንስ ከማን ተዋስክ?»

«አልማዝ፣ አንቺ መኪናውን አይደለም የጠላሽው።»

ይሄ አነጋገሩ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ስለ ፍሬን የተጠየቀ ሰው ስለ ፍቅርና ስለ ጥላቻ መለሰ። ሰፈሩም ከእሱ የተለየ አልነበረም። እናቴ ሁለት ቅዳሜ ስትከለክለን ወሬው መንደሩን ሞላው፤ ቂሟን በልጆች ተወጣች ተባለ። እኔም አኮረፍኳት። ራት አልበላም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛ ነበር።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አባቴ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሦስት ነበሩ፤ የሚናገሩት ግን ጋሽ ደበበ ናቸው፤ የዕድራችን ሊቀመንበር፣ ነጭ ጋቢ ለባሽ፣ ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሰሙ። እናቴ ወንበር አቀረበችላቸው። ልጅ ከአባቱ እንዳይለይ መከሯት፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ሰማች።

«አባቶቼ፣ አባታቸውን አልከለከልኩም» አለች። «በእግሩ ይምጣ፣ በታክሲ ይውሰዳቸው፣ እዚሁ ቁጭ ብሎ ያጫውታቸው። እኔ የከለከልኩት መኪናውን ነው። ፍሬን የለውም።»

«አለው» አለ አባቴ።

ጋሽ ደበበ ዓይናቸውን ገለጡ። ዞር ዞር ብለው አዩና በሩ ሥር የቆምኩትን እኔን ጠሩኝ። «ነይ እስቲ የኔ ልጅ። ሁሌም ውስጡ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ አትዋሺንም። የአባትሽ መኪና ፍሬኑ ይይዛል ወይስ አይይዝም?»

እናቴን አላየኋትም። አባቴን አየሁት። ጉንጩን በምላሱ ወጠረና ትንሽ ፈገግ አለ፣ እኔና እሱ ብቻ ስለምናውቀው ነገር እንደሚስቀው። «ይይዛል» አልኩ። ሦስተኛው ላይ ይይዛል፣ ስለዚህ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እናቴ ትንፋሿን ስታወጣ ሰማሁ። ጋሽ ደበበ «ይኸው፣ ጉዳዩ አለቀ» ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ እናቴም በሦስት ሰው ፊት ውሸታም ሆነች።

እስኪ አስቡት። መኪናው ደጃችን ላይ ቆሞ ነበር። ዳገት ስለሆነ ጎማው ሥር ድንጋዩ ነበረበት። ሦስት ትልልቅ ሰዎች በድንጋዩ አጠገብ አልፈው ገቡ፣ በድንጋዩ አጠገብ አልፈው ወጡ። አንዳቸውም ሃያ እርምጃ ሄዶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ያንን ፍሬን በእግሩ ሊረግጥ አላሰበም። ከዚያ ይልቅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከአባቷና ከእናቷ መሐል አቁመው መጠየቅ ቀለላቸው። ብዙ ዓመት አልፎም ይሄንን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

በሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ ነሐሴ፣ ሌሊቱን የዘነበበት ቅዳሜ። የእንጦጦን ዳገት አጋምሰን ሞተሩ ጠፋ። አባቴ «ታኮ» አለ። ገመዱ ርሶ ስለነበር ቋጠሮው እምቢ አለኝ፤ ስፈታው መኪናው ወደ ኋላ መሄድ ጀምሯል። ዘልዬ ወርጄ ድንጋዩን አስገባሁት። ጭቃው ላይ ሸርተት አለና ጎማው ገፍቶት አለፈ። ከውስጥ የዮናታን ድምፅ ይሰማኛል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል፤ ደግሞ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የሚጫወት መስሎት ነበር። መኪናው ወደ ጎን ታጥፎ የባሕር ዛፍ ግንድ መታ። ከዚያ በኋላ ዮናታን አልቆጠረም።

ክንዱ ነው የተሰበረው፤ ግራ ክንዱ፣ ክርኑ ላይ። አባቴ ታቅፎት ወደ ታች እየሮጠ፣ እኔ ከኋላው እየሮጥኩ፣ ዘወር ብሎ የነገረኝን አልረሳውም። «ታኮዬ፣ ለእናትሽ ከዛፍ ላይ ወደቀ እንበላት፣ እሺ?» አለኝ። እያለቀሰ ነበር። እያለቀሰም ግን ውሸቱን ለእኔ ነው ያሸከመኝ።

እናቴ ክሊኒኩ ድረስ ነጠላዋን እንኳን ሳትደርብ መጣች። አባቴ አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩት። ፍሬኑ አይይዝም፣ ሁሌም አይይዝም ነበር፣ እኔ ዋሽቼ ነው አልኳት። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም። አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝና፣ «አንቺ ልጅ ነሽ። መጠየቅ የነበረበት መኪናው ነው» አለች። ከዚያ አባቴን አልፋው ወደ ዮናታን ሄደች።

ከዚያ ወዲህ አባቴ በታክሲ ነበር የሚመጣው። አደግን፣ አባቴም አረጀ፣ ሞተም። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጓደኞቹ ያንን ሰማያዊ መኪና እያነሡ ሳቁ፤ በሩ በገመድ፣ ወለሉ ሽንቁር፣ በሬ እንደሚነዳ «ኮቱ» እያለ፣ ያ ጊዜ ደግ ነበር፣ ሰው ነገር አያካብድም ነበር እያሉ። ዮናታን እዚያው አጠገባቸው ሻይ እያደለ ነበር። ትሪውን የያዘው በቀኝ እጁ ብቻ ነው፤ ግራው ከዚያ ነሐሴ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ አያውቅም። አባቴን እወደው ነበር፣ አልቅሼም ቀብሬዋለሁ። ያንን ሳቅ ግን አብሬ መሳቅ አልቻልኩም። ተነሥቼ ወጣሁ።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ድንጋዩን ይዤ የቆምኩት ይሄንን ሁሉ ይዤ ነው። የፈረንሳይ ኮረኮንች ዛሬ አስፋልት ሆኗል። ዘልዬ የወረድኩበት የእንጦጦ ጭቃ መንገድ ዛሬ ወደ ፓርኩ የሚወጡ መኪኖች ይሰለፉበታል፤ ልጆች ብስክሌት ይከራያሉ፣ ቤተሰብ ፎቶ ይነሣል። ከልጄ አባት ከቢንያም ከተለያየን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያው ይዟት ይወጣል፤ የእሱ መኪና መስኮቱ ቁልፍ ሲጫኑት ይወርዳል፣ ከፊቱ ስክሪን አለው፣ ሙዚቃው ሰፈር ያናውጣል። ድንጋዩ ግን ያው ነው።

«የእጅ ፍሬኑ ብቻ እኮ ነው» አለ ቢንያም። «ሰኞ ጋራዥ አስገባዋለሁ። ፓርኩ ጋ ስናቆም ለጥንቃቄ ነው የምናደርገው። ሶሊን ጠይቂያት።»

ሶልያና ቀና ብላ አየችኝ። መልሱ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ዓይኗን ወደ አባቷ ልታዞር ስትል አየኋት።

«አልጠይቃትም» አልኩት። «ቁልፉን አምጣ።»

ከሹፌሩ ወንበር ገብቼ ሞተሩን አስነሣሁና ፍሬኑን ረገጥኩ። እግሬ ወለል ድረስ ሰመጠ። አነሣሁና ደገምኩ፤ ትንሽ ከበደ። ሦስተኛው ላይ ያዘ። ሳላስበው ጮክ ብዬ ስቆጥር ነበር መሰለኝ፣ ቢንያም በመስኮቱ አጎንብሶ፣ «ያዘ አይደል እንዴ? አንቺ ደግሞ ልክ እንደ እናትሽ» አለኝ።

«አዎ፣ እንደ እናቴ ነኝ» አልኩት። «እስከ ሦስት የምትቆጥርልህ ልጅ የለችኝም። በታክሲ ውሰዳት፣ ወይ እዚሁ አጫውታት።»

ተቆጣ፣ ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ደወለ፣ ሽማግሌ እንደሚልክብኝም ነገረኝ። ይምጡ። ወንበር አቀርብላቸዋለሁ፤ መኪናውም ዳገቱ ላይ ይጠብቃቸዋል፣ አንድ በአንድ ገብተው ይረግጡታል። ድንጋዩን ቤት ይዤው ገባሁ። ሶልያና ከኋላዬ ተከትላኝ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ማሚ፣ መጫወቻ ነው ያልኩሽ…» ብላ ጀመረች።

አጎንብሼ አገጯን ያዝኩ። ተናድጃለሁ፣ በእሷ ግን አይደለም።

«እኔ አንቺን ምንም አልጠየቅኩሽም» አልኳት።

ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። ያንን ድንጋይ ስንት ቅዳሜ ተሸክማው እንደኖረች ያወቅኩት ያኔ ነው።