አስሜን ያሻለው ዱቄት

ቅዳሜ ጠዋት አራተኛ ፎቅ ድረስ አንድም ቦታ ሳላርፍ ወጣሁ! አራተኛ! እኔ!

ለማታውቁኝ... አስም አለብኝ። ኮልፌ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፣ ሱቄ ደግሞ ሊፍት የሌለው ህንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁሌም በየፎቁ ቆም እልና ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «እሺ... እሺ...» እላለሁ። መስመሩ ላይ ማንም የለም። ትንፋሼ እስኪመለስ ሰው እንዳይታዘበኝ የማደርጋት ትወና ናት። ቅዳሜ ግን ስልኬ ከቦርሳዬ አልወጣም። የሱቄን በር ስከፍት ደስታው ሊያስጮኸኝ ምንም አልቀረውም።

ምስጋናው ለማን ይመስላችኋል? ለዱቄቴ!

ከወር በፊት ነርስ የሆነችው ጓደኛዬ ሄለን አንድ ነጭ ዱቄት አመጣችልኝ። ፕሪባዮቲክ ይባላል።

«ባክቴሪያ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «አንጀትሽ ውስጥ ላሉት ጥሩ ባክቴሪያዎች ምግብ ነው። እነሱ ሲመቻቸው ለአስምም ሳይረዳ አይቀርም ይባላል፤ ግን ገና እየተጠና ነው።»

ከዚያ ግዴታ አስገባችኝ። «መጀመሪያ ቡናማውን ፓፍ ትስቢያለሽ፣ አፍሽን ትጉመጠመጫለሽ፣ ከዚያ ዱቄቱን በውሃ ትጠጫለሽ። ጠዋትና ማታ። ፓፉን የዘለልሽ ቀን ዱቄት የለም!»

ቡናማው ፓፍ በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያ ነው። እኔ ግን እውነቱን ልናገር... ሲያፍነኝ ብቻ ሰማያዊውን ማስታገሻ እስብና ቡናማውን መሳቢያ ውስጥ አስተኛው ነበር። ለዱቄቱ ስል ግን አንድም ቀን አልዘለልኩም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሆዴ ሲጮህ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ጸጥ አለ። «ባክቴሪያዎቼ ጠገቡ!» ብዬ ፈነደቅኩ።

እናም ቅዳሜ ለምሳ ቤት ስገባ ጀግና ሆንኩ። ድኛለሁ አይደል? ቡናማውን ፓፍ በፌስታል ቋጥሬ የቆሻሻ ማዳበሪያው ውስጥ ከተትኩትና ማዳበሪያውን በር ላይ አወጣሁት። ቀጥዬ አከራዬ እትዬ ብርነሽ ጋ ሮጥኩ፣ ለሰው ካልነገርኩ ልፈነዳ ነበር።

«እስቲ አምጪው፣ ለጉልበቴም ይሆን እንደሆን» አሉኝ።

ከጋራ ወጥ ቤታችን ጣሳዬን ይዤ መጣሁ። ጣሳውም የሳቸው ነው፤ የዱቄቱ ከረጢት ሲቀደድብኝ ባዶ የወተት ጣሳ ሰጥተውኝ እሱ ውስጥ ገልብጬው ነበር። ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት። አሸተቱት። 

«ልጄ... ይሄ የኔ ቡላ ነው።»

«ኧረ እትዬ ብርነሽ፣ የባክቴሪያ ምግብ ነው!»

«እህቴ ከአገር ቤት የላከችልኝን ቡላ ነው የባክቴሪያ ምግብ የምትዪው?!»

ክርክር አልፈለጉም። ትንሽ በውሃ በጥብጠው እሳት ላይ ጣዱት። ዓይናችን እያየ ጥፍጥ ያለ የቡላ ገንፎ ሆነ።

«ለመስቀል ወጥ ቤቱን ሳጸዳ... ሁለቱንም ጣሳ ካንድ መደርደሪያ አውርጄ...» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

የሳቸው የቡላ ጣሳና የኔ ጣሳ መንታ ናቸው፤ ሲመልሷቸው ተቀያይረዋል። ያኔ ለመስቀል እንግዶቻቸው የሠሩት ገንፎ አልይዝ ብሎ ውሃ ሆኖ ነበር። «አይዞዎት» እያሉ የጠጡት እንግዶችም ሆዳቸው ተነፍቶ አደሩ። እትዬ ብርነሽም «የተበላሸ ቡላ ላከችብኝ» ብለው አገር ቤት ያለችውን እህታቸውን እንዳኮረፉ ናቸው! ለካ እንግዶቹ የኔን ፕሪባዮቲክ ነው የጨረሱት። የኔ ባክቴሪያዎች ደግሞ ሳይጠሩ የመስቀሉን ቡላ ሲበሉ ከርመዋል።

እንባዬ እስኪወርድ እየሳቅኩ ሄለን ጋ ደወልኩ።

«ጥሬ ቡላ?! ወር ሙሉ?!» ሳቀች፣ ሳቀች... ድንገት አቆመች። «ቆይ፣ ፓፉንስ?»

«እሱንማ አንድ ቀን አልዘለልኩም፣ ራስሽ አይደለሽ ያስገደድሽኝ!»

«እና ፎቁን ማን ያወጣሽ ይመስልሻል?»

ፓፉ!

ወደ በር በረርኩ። ማዳበሪያው የለም። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ አንስተውታል፣ ጋሪያቸው ወደ 18 ማዞሪያ ቁልቁል ሲወርድ በሩቁ ይታየኛል።

ሮጥኩላችሁ! በነጠላ ጫማ፣ የልብስ መለኪያ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ «ቁሙልኝ! ቁሙልኝ!» እያልኩ። ማዞሪያው ጋ ሊደርሱ ሲሉ ያዝኳቸው።

«እህቴ፣ ወርቅ ነው እንዴ የጣልሽው?» አለችኝ ጋሪውን የምትገፋው ሴት።

«ትንፋሼን ነው!»

ሳቀችብኝ፣ ግን ጓንቷን አጥልቃ አብራኝ ፈለገች። ፌስታሉ እንደተቋጠረ ወጣ። ሴትዮዋን አቅፌ ሳምኳት፣ ምን አደረግኩ ብላ ግራ ገባት። ቀና ስል ነው ሌላው ነገር የገባኝ... ያን ሁሉ መንገድ ሮጬ፣ ጮኼ፣ ደረቴ ሲር እንኳ አላለም!

ቤት ስመለስ እትዬ ብርነሽ በስልክ እህታቸውን ይቅርታ እየጠየቁ ነበር።

እኔም ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁና... ፓፌን ይቅርታ ጠየቅኩት።