የወንድሜ የይለፍ ቃል

ወንድሜ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ኢንጅባራ ቤታችን ደጅ በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ለቅሶ ደራሹ ቀድሞ ያጽናናው እኔን አልነበረም። ከዳንግላ የመጣውን ጓደኛውን ነበር። ከአባቴ ጎን ተቀምጦ፣ ዓይኑ አብጦ ሲያዩት ወንድሙ መሰላቸው። «እግዜር ያጽናህ» ይሉታል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። እኔ እጅ አስታጥብ ነበር። አልረሳሁለትም።

ሁለቱ አብረው ድረ ገጽ ሠርተዋል። የዳንግላ እህል ነጋዴዎች ከጫግኒ ያስጫኑት እህል የት እንደደረሰ በስልካቸው ያዩበታል። ወንድሜ ለእሱ ያስተማረውን ለእኔ አላስተማረኝም። «መጀመሪያ አሥራ ሁለተኛን ጨርስ» ይለኝ ነበር። ጨረስኩ። እሱ አልቆየኝም።

ከአርባው በኋላ ጓደኛው ደወለልኝ። የድረ ገጹን ሥራ የሚቆጣጠረው ወንድሜ ብቻ ነበር፣ በራሱ የይለፍ ቃል እየገባ። አሁን ሥራው ቆሟል፤ ቃሉን ሊቀይረው ነው። «ከመቀየሬ በፊት መጥተህ ብታይ» አለኝ።

ዳንግላ ሄድኩ። ከመናኸሪያው በጋሪ አባቱ ጨርቅ ወደሚሸጡበት ሱቅ ደረስኩ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠኝ።

«ቃሉን ንገረኝ» አልኩት።

«አላውቀውም። መቀየር እንጂ ማየት አይቻልም።»

«እዚህ ውስጥ አለ አይደል?»

«የለም። ያለው ይሄ ነው» ብሎ የፊደልና የቁጥር ረጅም መስመር አሳየኝ። «ቃሉ ተፈጭቶ ነው የሚቀመጠው። ዱቄት ተመልሶ እህል ይሆናል? ሰው ሊገባ ሲል የጻፈውን ኮምፒውተሩ እንደገና ይፈጨውና ዱቄቱን ከዱቄቱ ያስተያያል። ከገጠመ ይከፍታል። ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።»

እኔ የፈለግሁት ድረ ገጹን አልነበረም። ወንድሜ በየጠዋቱ ሲጽፈው የነበረው ቃል ማንን የሚያስታውስ እንደሆነ ማወቅ ነው የፈለግሁት። እኔን ወይስ ጓደኛውን።

ከወንድሜ መስመር በታች የጓደኛው መስመር አለ። አስተያየኋቸው። ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ደስ አለኝ።

«ቃላችሁ የተለያየ ነበር ማለት ነው።»

ሳቀ። «አይ ወንድሜ። ከመፈጨቱ በፊት በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ ነገር ይጨመርበታል። ጨው እንለዋለን። ሁለታችን አንድ ቃል ብንጽፍ እንኳ ዱቄቱ ይለያያል።»

«ወንድሜ» ማለቱ አስጠላኝ።

«ታዲያ አንድ ነበር?»

«እስቲ ሞክር» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ስሜን ጻፍኩ። ስህተት። የእናቴን ስም ጻፍኩ። የተወለድኩበትን ዓመት። ከወንድሜ መጋለብ የተማርኩበትን የፈረሳችንን ስም። አንድ እሁድ ለብቻችን የሄድንበትን ሐይቅ፣ ጥርባን። ስህተት። አምስት ጊዜ የተሳሳተ ሩብ ሰዓት መጠበቅ አለበት። ይህንንም ያዘዘው ወንድሜ ነው።

እየጠበቅን ሳለ አባቱ ሻይ ላኩልን።

«አንተስ አልሞከርክም?» አልኩት።

«ሞክሬያለሁ።»

«መቼ?»

«ከቀብር መልስ።» ብርጭቆውን አዞረው። «መጀመሪያ የራሴን ቃል። ከዚያ ስሜን። አልከፈተም።»

ደስ አለኝ። ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርኩም። ሻዬን ጨለጥኩት።

ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ አምስት ቃል ሞከርኩ። ጠብቄ ደግሞ አምስት። የጓደኛው ስልክ ጠራ፤ ለደወሉት ነጋዴ «አዎ አባባ፣ ጭነትዎ ዛሬ ይታያል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ልቀይረው?» አለኝ። ከተቀየረ የድሮው መስመር ይጠፋል። የወንድሜን ቃል ከዚያ በኋላ የሚለይ ነገር አይኖርም።

«መስመሩን ገልብጥልኝ» አልኩት።

ስልኬ ላይ ገለበጠልኝ። ከእሱ ጋር ትንሽ ፕሮግራም ጫነልኝ፤ ቃል ሲጽፉበት ገጥሟል ወይም አልገጠመም ይላል። «ይሄኛው አይቆልፍብህም» አለኝ።

«ለራስህም ገልብጠህ ይዘሃል አይደል? አጥፋው።»

«እሱን አትጠይቀኝ» አለኝ።

እፊቴ ቃሉን ቀየረው። ነጋዴዎቹ ጭነታቸውን ማየት ጀመሩ። እኔ ወደ ኢንጅባራ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ቃል ሞከርኩ።

እስካሁን አልገጠመልኝም። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማስበው፣ እሱ ዳንግላ ሆኖ ዛሬ የትኛውን ቃል እየሞከረ እንደሆነ ነው። አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። እናቴን ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል። እኔ ድምፁን ነው የማዳምጠው። አግኝቶት ከሆነ ድምፁ ያስታውቅበታል።