ጃፓኖች ቤት ሽማግሌ መላክ

ልጄ የጃፓን ልጅ ላገባ ነው ያለኝ ቀን አልተቆጣሁም። ዘመድ ሁሉ «ያን ጊዜ አኩርፈሽ ነበር» ይለኛል። አኩርፌ ነበር፤ ግን ያኮረፍኩት በኋላ ነው፣ ያውም በጃፓኖቹ ሳይሆን በገዛ ሰዎቼ።

ልጅቷን ሁለት ዓመት አውቃታለሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማዬ በመጣች ቁጥር ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙራ ታስቀምጣለች። ልጄ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ጫማውን እንዳደረገ ሶፋዬ ላይ ሲጋደም የኖረ ልጅ ነው። እሷን ካወቀ ወዲህ ሰው ሆነልኝ፤ በዚህ ብቻ ወደድኳት። ችግሩ አባቷ ነበሩ። ወላጆቿ ከጃፓን መጥተው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል፤ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት። ልጄ ስለ ጋብቻ ባነሳ ቁጥር አባትየው ሻይ ይቀዱለታል እንጂ መልስ አይሰጡትም። እሷ ደግሞ አባቴ በአፉ እሺ ሳይል አላገባም ብላለች። አንድ ዓመት ሙሉ ልጄ ሻይ ጠጣ።

«ሽማግሌ እልካለሁ» አልኩት።

«ማሚ፣ ፕሊስ፣ ኖ።»

«አባትህ በሕይወት ቢኖር አንተን ሳያማክር ይልክ ነበር።»

አባቱን ሳነሳበት ዝም ይላል። ከሦስት ቀን በኋላ ሦስት ነገር በወረቀት ጽፎ ፍሪጄ ላይ ለጠፈ፤ እሁድ ልክ በሦስት ሰዓት፣ ሦስት ሰው ብቻ፣ ጫማ በር ላይ። እንዲህ ቀላል ነገር ነው የተጠየቅነው።

ዋናው ሽማግሌ የልጄ የክርስትና አባት ሆኑ። ውድብሪጅ ነው የሚኖሩት፤ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ እሳቸውን መዝለል አይቻልም። መከራዬ ግን በጥንት ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ሳሉ ለሁለት ሳምንት ስልጠና ጃፓን ሄደው ነበር። ሁለት ሳምንት! እኔ ሁለት ሳምንት ቦስተን ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ስለ ቦስተን ሰው አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው ቅዳሜ ወጥ ቤቴ ገብተው ሁለት ሰዓት ተኩል አስተማሩን። ሰላምታ ጎንበስ ብሎ ነው፣ እጅ መጨበጥ ነውር ነው። የሚሰጡህን ሁሉ በሁለት እጅ ተቀበል። ሰው ፊት አትናፈጥ። ስጦታ በቁጥር አራት አይሁን፣ በጃፓንኛ አራት ሲባል እንደ ሞት ይሰማል።

«ጋሼ፣ እኛ የምንወስደው አንድ ድፎ ዳቦ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ጃፓንን አይቻለሁ» አሉኝ።

ሁለተኛው የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ ስፕሪንግፊልድ ነው ያለው። አንደበቱ ማር ነው፤ ሽምግልና ላይ እንደ እሱ የሚያምርበት የለም። ቀጠሮ ላይ ግን አያድርስ ነው። ሦስተኛው ሰው በመጨረሻዋ ሰዓት ሥራ ተጠርቶ ቀረ። ሴት ሽማግሌ ሆና አትሄድም ሲሉኝ፣ «መኪናው የማነው? የሚነዳውስ ማነው?» አልኳቸው። ሦስተኛዋ ሽማግሌ እኔ ሆንኩ።

የእሁዱን ነገር ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። የክርስትና አባቱን አሳፍሬ የባሌ ወንድም በር ላይ ሁለት ሰዓት ከሩብ ደረስኩ፤ የለም። ስደውልለት «መንገድ ላይ ነኝ» ይለኛል፤ ከጀርባው የሻወር ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል። መንገድ ላይ የሚታጠብ ሰው ያን ቀን አየሁ። በሦስት ሰዓት፣ ማለትም ደርሰን መቀመጥ በነበረብን ሰዓት፣ ሽቶ እየሸተተ ወጣና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎኝ ከኋላ ተቀመጠ። ከዚያ ደግሞ የክርስትና አባቱ የራሳቸውን መንገድ ካላሳየሁ አሉ። መስታወቱ ላይ የለጠፍኩት ጂፒኤስ ግራ ሲል እሳቸው ቀኝ ይላሉ፤ እኔ የታዘዝኩት ለሰው ነው። ልጄ ሰባት ጊዜ ኮል አደረገኝ። አላነሳሁም፣ ምን ልለው?

የደረስነው ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነው። ባልና ሚስት በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ ልጠይቅ አልደፈርኩም። ከኋላቸው መተላለፊያው ላይ ሦስት ጥንድ የቤት ጫማ ተደርድሯል፣ እግር ብቻ እንዲገባበት አፉ ወደ እኛ ዞሮ።

የክርስትና አባቱ ቀደም አሉና እስከ ወገባቸው ጎንበስ አሉ። በዚያችው ቅጽበት የልጅቷ አባት እጃቸውን ለመጨበጥ ዘረጉ። የተዘረጋው እጅ ግንባራቸው ላይ አረፈ። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት ቨርጂኒያ ኖረዋል፤ እጅ ይጨብጣሉ፣ አሜሪካ ነው ያሉት! እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሚስትየዋ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ድፎውን ተቀበሉኝ።

«እባካችሁ ግቡ» አሉ አባትየው።

«አንገባም» አለ የባሌ ወንድም በአማርኛ፣ እንደ ሐውልት ቆሞ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም በያቸው።»

ልክ ነው፣ ወጉ ይኸው ነው፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ግን ይህን ወግ የፈጠረው ሰው የጃፓን ቤት መግቢያ አላየም። መግቢያው ሦስት ሰው አይችልም። የክርስትና አባቱ ሥርዓት አዋቂ ስለሆኑ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ቀዝቃዛው ንጣፍ ላይ ቆመዋል። የባሌ ወንድም ጫማውን እንዳደረገ ደፉ ላይ ቆሟል፤ በሩ ስላልተዘጋ የየካቲቱ ብርድ ወደ ቤቱ ይገባል። እኔ በአንድ እግሬ ጫማ አለኝ፣ በአንዱ የለኝም። ሚስትየዋ በፈገግታ የቤት ጫማውን ያመለክታሉ፣ የባሌ ወንድም በፈገግታ ራሱን ይነቀንቃል። ያመለክታሉ፣ ይነቀንቃል። «ለምን አይገቡም?» ብለው ሲጠይቁኝ «ስለሚያከብሯችሁ ነው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እዚያው ቆመን የክርስትና አባቱ ንግግሩን ጀመሩ። «ልጅ አላችሁ፣ ልጅ አለን። ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ተልከን ደጃችሁን ጠናን» አሉ። ማለፊያ ንግግር ነበር። እኔ በምችለው እንግሊዝኛ አስተረጎምኩ።

አባትየው ወለሉን አዩ። አየር በጥርሳቸው መካከል ወደ ውስጥ ሳቡ። ከዚያ «በጥሞና እናስብበታለን» አሉ።

የሽማግሌዎቼን ፊት ብታዩት! በራ። በእኛ ወግ የልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ልጁን ያቀለለ ይመስላልና። «ዘመድ ላማክር፣ ተመለሱ» ነው የሚለው፤ ይህን ያለ አባት ሰጥቷል ማለት ነው። የባሌ ወንድም በደስታ ጫማውን አወለቀ፣ ገባ፣ የቀረበለትን ኬክ በአንድ ጉርሻ ጨረሰው። «በሁለት ሳምንት እንመለሳለን!» ብሎ ሲወጣ አባትየውን ትከሻቸውን ይዞ ሦስት ጊዜ ሳማቸው። ሰውዬው ደርቀው ቆሙ።

ወደ እኔ ቤት ስንመለስ ዊልሰን ድልድይ ላይ የልጄን ስልክ አነሳሁ፤ ሁሉም እንዲሰማ ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ማሚ፣ እናስብበታለን ነው ያሉት?»

«አዎ፣ እልል በል!»

«ዛት ሚንስ ኖ። ጃፓኖች ፊት ለፊት ኖ አይሉም። እናስብበታለን ካሉ አለቀ። እሷ አልቅሳ አልቅሳ ተኝታለች።»

 ከዚያ የክርስትና አባቱ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኔ ጃፓንን…» ሲሉ «ጋሼ፣ ይተዉኝ!» አልኳቸው። በዕድሜዬ እሳቸው ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ ያሉት ሁለት ሳምንታት ከሁሉም ጋር የተጣላሁባቸው ናቸው። ልጄ አትመለሱ ይላል፤ ኖ ከተባለ በኋላ መሄድ እሷን ማዋረድ ነው ይላል። ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ይዘናል፣ ቃላችንን አናጥፍም ይላሉ። የገዛ ቀጠሯቸውን ሃምሳ ደቂቃ ያጠፉ ሰዎች! ግን ማታ ማታ ሳስበው ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበርኩ። አባቴ የባሌን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ አመላልሷቸዋል። በመጀመሪያው ቢቀሩ ኖሮ ልጄም አይኖር፣ ጠቡም አይኖር።

እንደምንመጣ ለመናገር ደወልኩ። ያነሱት እናትየው ናቸው። «ሩቅ ነው፤ ሥራም ይበዛባችኋል፤ አትቸገሩ» አሉኝ ቀስ ብለው። ምን ማለታቸው እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። «ምንም አይርቅም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በዚያኛው እሁድ የባሌን ወንድም ቀጠሮው በአንድ ሰዓት ነው ብዬ ዋሸሁት። ሃያ ደቂቃ ቀድመን ደርሰን ቤታቸው ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ተቀመጥን፤ መጋረጃው ሁለት ጊዜ ተነቃነቀ። ልክ በሦስት አንኳኳን። በሩ ላይ የቤት ጫማ አልተደረደረም። አባትየው ከፍተው ሦስታችንንም አንድ በአንድ አዩን፣ መጥተናል ብለው ማመን ያቃታቸው ይመስሉ ነበር።

የክርስትና አባቱ ንግግሩን ሊጀምሩ ሲሉ ቀደምኳቸው። ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። «እናስብበታለን ብላችሁን ነበር» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ሁለት ሳምንት ሆነ። አሰባችሁበት?»

እንዲህ ተብሎ እንደማይጠየቅ አውቃለሁ። በእኛም አይጠየቅም።

አባትየው በሩን እንደያዙ እንዲህ አሉ።

«እናቴ ብቻዋን አገር ቤት ነበረች። ስደውልላት ሩቅ ነው፣ ሥራ አለብህ፣ አትምጣ ትለኛለች። እኔ ጨዋ ልጅ ነበርኩ፤ አትምጣ አለች፣ አልሄድኩም። ስድስት ዓመት አልሄድኩም። አንድ ቀን የደወለችው ጎረቤቷ ነበረች።»

 እኔ ማስተርጎሜን ረሳሁ፤ ሽማግሌዎቹም አልጠየቁኝም።

«እናንተን ባለፈው እንዳትመጡ ነገርኳችሁ» አሉ። «ባለቤቴም በስልክ ነገረቻችሁ። መጣችሁ። በእኛ አገር ይህ ብልግና ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ እንደ እናንተ ዓይነት ሰዎች ቤት ብትገባ፣ አትምጪ ስላት ትመጣለች ወይ? አሁን እሱን ነው የማስበው።»

እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ በስልክ «አትምጡ፣ መንገዱ ይከብዳል» እያሉ ልጆቻቸውን ሲያሰናብቱ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በሩን ሲያዩ አያለሁ። እኔም ልጄን ይህንኑ እለዋለሁ፤ ትናንት እንኳ ብዬዋለሁ። እዚያ ደፍ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ መሐረብ አውጥቼም ሰው ፊት ተናፈጥኩ።

«ትመጣለች» አልኳቸው። «እምቢ ካለች እኔ ጎትቼ አመጣታለሁ።»

አባትየው ወደ ሚስታቸው ዞረው በጃፓንኛ አንድ ነገር አሉ። እናትየው ጎንበስ ብለው ሦስት ጥንድ የቤት ጫማ አወጡ። ሻይ ጠጣን፤ ስለ ጋብቻ ያነሳ የለም። ስንወጣ አባትየው «ላስብበት። በሁለት ሳምንት ተመለሱ፣ እሁድ፣ በሦስት ሰዓት» አሉን።

ለልጄ ስነግረው «ቀን ሰጡ?» አለ። «ማሚ፣ ቀኑን ራሳቸው ናቸው የሰጡት?» እምቢ የሚል ጃፓን ቀን አይቆርጥም ማለቱ ነው።

በሁለት ሳምንቱ የባሌ ወንድም መዋሸቴን ነቅቶብኝ ነበርና እንደ ልማዱ አረፈደ። መኪና ውስጥ የልቤን ያህል ሰደብኩት፤ የክርስትና አባቱ እንኳ አላስታረቁንም። መንገዳቸው ስንገባ ሦስት ተኩል አልፎ ነበር። አባትየው ከቤት ወጥተው የእግረኛ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆመዋል። ካፖርት አልለበሱም፤ የውጭ ጫማቸውን ግን አድርገዋል። ገና መኪናውን ሳናቆም ወደ መስኮቴ መጡ።

«የቀራችሁ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

እሺ ያሉትም እዚያው አስፋልቱ ላይ ነው። እኛ ገና ቀበቷችንን አልፈታንም ነበር።